ቻጎስ፦ ነዋሪ እያለው «ነዋሪ የለውም» የተባለው የደሴት አገር

ቻጎስ የሚለው ስም ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ዜና ላይ ብቅ ጥልቅ ይላል። አንድ ቀን «ብሪታንያ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ልትመልስ ነው» ይባላል። ሌላ ቀን «አሜሪካ አልተስማማችም» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለንደን ላይ ሰልፍ የወጡ ሰዎች ይታያሉ፤ ቁጣቸው በብሪታንያም በሞሪሸስም ላይ ነው። ወሬውን ከመሀል የያዘ ሰው «ቆይ፣ እነዚህ ደሴቶች የማን ናቸው ታዲያ?» ቢል አይፈረድበትም።

ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ «መሬቱ የየትኛው መንግሥት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እዚያ ተወልደው ያደጉት ሰዎችስ?» የሚል ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ የት ነው ያለው?

የሕንድ ውቅያኖስን ካርታ ዘርጉ። ከሕንድ ጫፍ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ማልዲቭስን ታገኛላችሁ። ከማልዲቭስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ብትቀጥሉ ደግሞ ባሕሩ መሀል እንደ ተበተነ ጥራጥሬ የሚታዩ ነጠብጣቦች አሉ። ቻጎስ እሱ ነው። ወደ 60 የሚጠጉ ደሴቶች ናቸው፤ የብሱ ሁሉ ቢደመር ግን የአዲስ አበባን አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም።

ትልቁ ደሴት ዲዬጎ ጋርሲያ ይባላል። ለብቻው የጠቅላላውን መሬት ግማሽ ገደማ ይይዛል። ቅርጹ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ስስ መሬት ነው፤ መሀሉ ላይ ጸጥ ያለ ጥልቅ ውሃ አቅፏል። ለመርከብ እንዲህ ያለ መጠለያ በውቅያኖስ መሀል ማግኘት ዕድል ነው። ለደሴቱ ሰዎች ግን ዕድል አልሆነም።

ሞሪሸስ የምትገኘው ከዚህ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ይህን ርቀት ያዙልኝ፤ ኋላ ክርክር ይሆናል።

ሰዎቹስ ከየት መጡ?

በጥንት ጊዜ በደሴቶቹ ላይ ሰው አልነበረም። የፖርቱጋል መርከበኞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን አይተዋቸው አለፉ። መኖሪያ ያደረጓቸው ያኔ ሞሪሸስን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኮኮናት እርሻ ከፈቱ። ለጉልበት ሥራው ከሞዛምቢክና ከማዳጋስካር ባሪያዎች አመጡ። የቻጎስ ሕዝብ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ማንም በፈቃዱ አልመጣም።

ብሪታንያ በ1810 ሞሪሸስን ከፈረንሳይ በጦር ነጠቀች። በ1814 በፓሪስ ውል ከነጥገኛ ደሴቶቿ በይፋ ተረከበቻት። ቻጎስም ከጓዙ አንዱ ነበር። በ1835 ሞሪሸስ ውስጥ ባርነት ሲቀር የእርሻው ሥራ ቀጠለ፤ በውል የተቀጠሩ ሠራተኞች ከሕንድም መጡ።

ሥራው ኮፕራ ማምረት ነበር። ኮፕራ ማለት ከቅርፊቱ ወጥቶ የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ነው። ከዚያ ዘይት ይጨመቃል፤ ዘይቱ ሞሪሸስ ላይ ለመብራትም ለምግብም ይውላል። ሞሪሸሶች ቦታውን «የዘይት ደሴቶች» ይሉት የነበረው ለዚህ ነው።

ኑሮው ገነት አልነበረም። ሁሉም ነገር የኩባንያው ነው፦ ሱቁ፣ መርከቡ፣ ደመወዙ። ግን ቤተሰብ ሁሉ ቤትና ጓሮ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ነበረ፣ መቃብር ነበረ፣ ዶሮና ውሻ ነበረ። ከፈረንሳይኛ የወጣ ድብልቅ የሆነ የራሳቸው ክሪዮል ቋንቋ አዳበሩ። በከበሮ የሚዘፈነው «ሴጋ» የተባለው ሙዚቃቸው በ2019 ዩኔስኮ አፋጣኝ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በ1960ዎቹ እዚያ ከነበሩት ብዙዎቹ አያት ቅድመ አያታቸው እዚያው የተቀበሩ ሰዎች ናቸው።

አሜሪካ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባች?

በ1950ዎቹ መጨረሻ ስቱዋርት ባርበር የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የዕቅድ ባለሙያ አንድ ሐሳብ አመጣ። ቅኝ ግዛቶች ነጻ እየወጡ ነው። ነጻ የወጣ አገር ደግሞ በማንኛውም ቀን «የጦር ሰፈርህን ነቅለህ ውጣ» ሊል ይችላል። መፍትሔው ከወዲሁ ሩቅና ትንንሽ ደሴቶችን መያዝ ነው፤ ሰው የሌለባቸው ወይም ጥቂት ሰው ብቻ ያለባቸው። ሰው ከሌለ ነጻነት የሚጠይቅም፣ ሰልፍ የሚወጣም የለም።

ይህን ሥጋት ለኛ አንባቢ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አስመራ የነበረውን ቃኘውን አስታውሱ። አሜሪካ በ1953 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር ተዋውላ የምትጠቀምበት ግዙፍ የመገናኛ ጣቢያ ነበር። ንጉሡ እስካሉ ሰላም ነበር። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ በ1977 «ዝጉና ውጡ» አለ፤ ተዘጋ። ባርበር የፈራው እንዲህ ዓይነቱን ነበር። እንዲያውም ዲዬጎ ጋርሲያ መጀመሪያ ሲገነባ በይፋ የተባለው «የመገናኛ ጣቢያ» ነው፤ ቃኘው ይሠራው የነበረውን የባሕር ኃይል ግንኙነት የተረከበውም እሱ ነው።

ደሴቶቹ ከሞሪሸስ የተለዩት እንዴት ነው?

አንድ አከራይ አስቡ። ተከራዩ ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ግቢ «የአንተው ነው፣ ላስረክብህ ነው» ይለዋል። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ግን «ጓሮውን ቆርሼ አስቀርቻለሁ፤ እዚህ ጋ ፈርም» ይላል። ተከራዩ ቢፈርም ፈቅዶ ነው ወይስ ቁልፉን እንዳያጣ ብሎ? የቻጎስ ሕጋዊ ክርክር በአጭሩ ይኸው ነው።

በሴፕቴምበር 1965 የሞሪሸስ መሪዎች ስለ ነጻነት ሊደራደሩ ለንደን ገቡ። መሪያቸው ሲዉሳጉር ራምጉላም ነበሩ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ለብቻቸው አስጠሯቸው። ከስብሰባው በፊት ለዊልሰን የተጻፈላቸው ማስታወሻ በኋላ ከመዝገብ ቤት ወጥቷል። ዓላማው ሰውዬውን በተስፋ ማስፈራራት ነው ይላል፦ ነጻነት ሊያገኝ ይችላል የሚል ተስፋ፤ ስለ ቻጎስ ካልተመከረ ግን ላያገኝ ይችላል የሚል ፍርሃት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በልቡ ያስበዋል፤ በጽሑፍ ማስፈሩ ግን ይገርማል።

ራምጉላም ተስማሙ። ለሞሪሸስ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ። ኖቬምበር 8 ቀን 1965 «የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት» የሚባል አዲስ ቅኝ ግዛት በአዋጅ ተፈጠረ። ልብ በሉ፤ ዓለም ቅኝ ግዛትን እየዘጋ ባለበት ሰዓት አዲስ መከፈቱ ነው። ሞሪሸስ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ ማርች 12 ቀን 1968 ነጻ ወጣች፤ ያለ ቻጎስ።

በ1966 መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ ተፈራረሙ፦ ደሴቶቹ ለ50 ዓመት ለመከላከያ ይውላሉ፤ ካልተሻረ ሌላ 20 ዓመት ይቀጥላል። በይፋ ኪራይ አልተባለም። በምሥጢር ግን አሜሪካ ለብሪታንያ በምትሸጠው የፖላሪስ ሚሳይል ሒሳብ ላይ እስከ 14 ሚሊዮን ዶላር ቅናሽ አደረገች። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን የሰማው ቆይቶ ነው።

«ነዋሪ የለም» ማለት ለምን አስፈለገ?

የታሪኩ ማጠፊያ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር መሠረት ቅኝ ግዛት የሚያስተዳድር አገር የነዋሪውን ጥቅም ማስቀደም አለበት። ስለ ግዛቱም ለድርጅቱ ሪፖርት ያቀርባል። ነዋሪው ሕዝብ ከሆነ ደግሞ የራሱን ዕድል የመወሰን መብት አለው። ይህ ሁሉ ግዴታ የሚመጣው «ነዋሪ» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ ከሌለ ግዴታው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የተፈናቀለው ሰው ሳይሆን ቃል ነው። የለንደን ባለሥልጣናት በደሴቶቹ ላይ ያሉትን ሰዎች «ቋሚ ነዋሪ» ማለት ትተው «በውል የመጡ ጊዜያዊ ሠራተኞች» ማለት ጀመሩ። በ1966 አንድ ከፍተኛ የውጭ ጉዳይ ሹም ሲጽፉ፣ ከባሕር ወፎች በቀር ነባር ሕዝብ አይኖርም፤ ወፎቹ ደግሞ ገና ኮሚቴ የላቸውም ብለው ቀለዱ። ሌላው ባልደረባቸው ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ አከሉበት፦ ያሳዝናል፤ ከወፎቹ ጋር አመጣጣቸው የማይታወቅ ጥቂት «ታርዛኖች» አሉ። እነዚህ ወረቀቶች ዛሬ በአደባባይ ያሉ ሰነዶች ናቸው። ፍርድ ቤት ውስጥ ተነበዋል።

«አመጣጣቸው የማይታወቅ» የተባሉት ሰዎች ጥምቀታቸውና ጋብቻቸው በደሴቱ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የተጻፈ ነበር።

ታዲያ ሰዎቹን እንዴት አስወጧቸው?

በአንድ ቀን አይደለም። በደረጃ ነው።

በ1967 የብሪታንያ መንግሥት እርሻውን በ660,000 ፓውንድ ገዛው። ከዚያ በኋላ ገዥውም፣ ቀጣሪውም፣ የቤቱ ባለቤትም አንድ ሆነ።

ቀጥሎ ጉዞ ላይ የነበሩት ተቆረጡ። ቻጎሳውያን ለሕክምና፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ዕቃ ለመግዛት ወደ ሞሪሸስ ይሄዱ ነበር። ከ1968 አካባቢ ጀምሮ መመለሻ መርከብ ሲጠይቁ «ደሴቱ ተሽጧል» የሚል መልስ ይሰጣቸው ጀመር። ሪታ ባንኩል የተባሉ እናት እግሯን ጋሪ የጎዳት ልጃቸውን ለማሳከም ከፔሮስ ባንሆስ ደሴት መጡ። ልጅቷ ሞተች። ቀብረው ሊመለሱ ሲሉ የሰሙት ይህንኑ ነው። አብሯቸው የነበረ ትንሽ ልጃቸው ኦሊቪዬ፣ ብሪታንያን ለዓመታት ፍርድ ቤት ያመላለሰው ሰው ሆነ።

ከዚያ አቅርቦቱ ሳሳ። የምግብና የመድኃኒት ጭነት እየቀነሰ፣ መርከብ እየራቀ መጣ። የቀረው ሰው ተስፋ ቆርጦ ራሱ መሄድ ጀመረ።

በ1971 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግንበኞች ዲዬጎ ጋርሲያ ደረሱ። በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ ደሴቶቹ ላይ መገኘትን ወንጀል የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። ከዚያ የውሾቹ ነገር መጣ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የደሴቱ ውሾች እንዲጠፉ ታዘዘ። ኮፕራ ማድረቂያው ቤት ውስጥ ታጉረው በመኪና ጭስ ታፍነው ተገደሉ። ውሾቹ የቤተሰብ ነበሩ፤ ልጆች ያዩ ነበር። ብዙ ቻጎሳውያን እስከ ዛሬ ሲያወሩ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

ሰዎቹ አንድ ሳጥንና ፍራሽ ያህል ይዘው ኖርድቬር በተባለች የጭነት መርከብ ተጫኑ። ዲዬጎ ጋርሲያ በ1971 ባዶ ሆነ። ሳሎሞንና ፔሮስ ባንሆስ የተባሉት ደሴቶች እስከ 1973 ድረስ ተከተሉ። ሊዜቢ ኤሊዜ ያኔ የ20 ዓመት ወጣትና የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። ልጃቸው አልተረፈም። በ2018 ሄግ ላይ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፊት በክሪዮል ቋንቋቸው ያሉት ቃል በቪዲዮ ሲታይ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማ።

በጠቅላላው ከ1,500 እስከ 2,000 የሚደርሱ ሰዎች ተፈናቅለዋል። የተራገፉት ሞሪሸስና ሲሼልስ ወደብ ላይ ነው። ቤት አልተዘጋጀላቸውም። የመጨረሻው መርከብ ተሳፋሪዎች ፖርት ሉዊስ ሲደርሱ «አንወርድም» ብለው ለቀናት ቆይተዋል። ከኮኮናት እርሻ በቀር ሙያ የሌለው ሰው፣ ሥራ አጥነት በበዛበት ከተማ ጎስቋላ ሰፈሮች ውስጥ ወደቀ።

ካሳ አልተከፈላቸውም?

ተከፍሏል፤ አከፋፈሉ ግን ራሱ አንድ ታሪክ ነው። በ1972 ብሪታንያ ለሞሪሸስ መንግሥት 650,000 ፓውንድ ሰጠች። ገንዘቡ ለሰዎቹ መታደል የጀመረው በ1977 መጨረሻ ገደማ ነው፤ እስከዚያ የዋጋ ንረት በልቶታል። የቻጎስ ሴቶች የረሃብ አድማ መቱ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ታሰሩ። በ1982 ብሪታንያ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረች።

ይህን ሁለተኛውን ለመቀበል ወረቀት መፈረም ነበረበት። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በአውራ ጣት ፈረሙ። ፈርሙ የተባሉት የመመለስ መብታቸውን የሚያስቀር ሐረግ ያለበት መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። በሲሼልስ የነበሩት ደግሞ ከሁለቱም ክፍያ ምንም አላገኙም።

ፍርድ ቤትስ ምን አለ?

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ ዜናው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል።

አንደኛው ቻጎሳውያን ራሳቸው በብሪታንያ ፍርድ ቤት የሄዱበት ነው። በኖቬምበር 2000 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰዎቹን ያስወጣው አዋጅ ሕገወጥ ነው አለ። መንግሥት ተቀበለ። ከዲዬጎ ጋርሲያ በቀር ወደ ሌሎቹ ደሴቶች መመለስ ተፈቀደ። በ2004 ግን መንግሥት መልሶ ከለከለ፤ በፓርላማ ሳይሆን በንግሥቲቱ ስም በሚወጣ ትእዛዝ። ይህ ከጥንት የቀረ ሥልጣን ነው፦ ሚኒስትሮች ያቀርባሉ፣ ዘውዱ ያጸድቃል፣ ክርክር የለም። ኦሊቪዬ ባንኩል ተከራክሮ ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በ2008 የመጨረሻው ችሎት ላይ ግን ከአምስት ዳኞች ሦስቱ ለመንግሥት ፈረዱ።

ሁለተኛው መንገድ መንግሥት ከመንግሥት የተካሰሱበት ነው። ሞሪሸስ «መሬቴን ከነጻነቴ በፊት ቆርሳችሁብኛል» ትላለች። ብሪታንያ ደግሞ ያ ርቀት ያዙልኝ ያልኳችሁን ታነሣለች፦ ቻጎስ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ፣ ለአስተዳደር ምቾት ብቻ ከሞሪሸስ ጋር የተመዘገበ ቦታ ነው፤ ለዚያውም መሪዎቿ ተስማምተዋል።

በ2017 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መራው። አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረትም ገብቶ ከሞሪሸስ ጎን ተከራከረ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019 የሶማሊያው ዳኛ አብዱልቃዊ አሕመድ ዩሱፍ በፕሬዝዳንትነት ውሳኔውን አነበቡ። 13 ለ1 ነበር፤ የተለዩት አሜሪካዊቷ ዳኛ ናቸው። ቻጎስ የሞሪሸስ አካል ነበር፤ ስምምነቱም የሕዝብን ነጻ ፈቃድ አያሳይም፤ ብሪታንያ በተቻለ ፍጥነት አስተዳደሯን ታብቃ ተባለ። ከሦስት ወር በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው 116 ለ6 በሆነ ድምፅ ይህንኑ አጸና።

ይህ ውሳኔ ግን «አማካሪ አስተያየት» ይባላል። ፍርድ አይደለም፤ አስገድዶ የሚያስፈጽመው የለም። የሽማግሌ ቃል በሉት። ሽማግሌ ፖሊስ የለውም። እምቢ ያለ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ በሄደበት ሁሉ «አንተ እኮ ተፈርዶብህ ነው» ይባላል። ብሪታንያም ይህ ደረሰባት። የዓለም ፖስታ ኅብረት እንኳ በ2021 በግዛቱ ስም የሚወጣ ቴምብር መቀበል አቆመ።

የ2025ቱ ስምምነት ምን ይላል?

ድርድሩ በ2022 ተጀመረ። ሜይ 22 ቀን 2025 ተፈረመ። የፈረሙት የሞሪሸስ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቪን ራምጉላም ናቸው፤ በ1965 ለንደን የተጠሩት የሰውዬው ልጅ። አባት የሰጡትን ልጅ ተቀበሉ ማለት ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ።

በስምምነቱ መሠረት የቻጎስ ሉዓላዊነት ሁሉ ለሞሪሸስ ይሆናል። ዲዬጎ ጋርሲያን ግን ብሪታንያ ለ99 ዓመት መልሳ ትከራያለች፤ የጦር ሰፈሩም ይቀጥላል። ሊዝ ለኛ ከተሜ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመኖሪያ ቤት ቦታ እንኳ በ99 ዓመት ነው የሚሰጠው። ልዩነቱ፣ እዚህ ተከራዩ ብሪታንያ፣ አከራዩ የቀድሞ ቅኝ ግዛቷ መሆኗ ነው።

ኪራዩ በአማካይ በዓመት 101 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ጠቅላላ ወጪው ላይ ግን ሰዎች የተለያየ ቁጥር ሲጠሩ ትሰማላችሁ። 101ን በ99 ብታባዙ 10 ቢሊዮን ገደማ ይመጣል። የብሪታንያ መንግሥት ግን 3.4 ቢሊዮን ይላል። የዋጋ ንረቱን ደምረው ከ30 ቢሊዮን በላይ የሚያደርሱት ተቃዋሚዎችም አሉ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ውል ነው፤ ልዩነቱ የሒሳብ ዘዴ ነው። ዛሬ እጃችሁ ያለ መቶ ብርና የልጅ ልጃችሁ የሚቀበለው መቶ ብር አንድ አይደለም። መንግሥት የሩቁን ክፍያ በዛሬ ዋጋ መንዝሮ ነው ያሳነሰው።

መፈረም ደግሞ መጨረስ አይደለም። ውሉ በሁለቱም አገሮች መጽደቅ አለበት። የአሜሪካም ነገር አለ፦ ፕሬዝዳንት ትራምፕ በ2025 መጀመሪያ ስምምነቱን የሚቀበሉ መስለው ነበር፤ በ2026 መጀመሪያ ደግሞ «ትልቅ ሞኝነት» ብለው አጣጣሉት።

መንገዴን ላቁምና አንድ ነገር ልበል። በቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ያላችሁ «ነጥብ አይኦ» የሚል የድረ ገጽ አድራሻ ታውቃላችሁ። ስንትና ስንት ጀማሪ ኩባንያ ይጠቀምበታል። የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት መለያ ነው። ግዛቱ ከቀረ የአድራሻውም ዕጣ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ቻጎሳውያን ለምን ተከፋፈሉ?

ምክንያቱም ድርድሩ የሁለት መንግሥታት ነበር። እነሱ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። ሜይ 22 ጠዋት፣ ውሉ ሊፈረም ሰዓታት ሲቀሩት ሁለት ዲዬጎ ጋርሲያ የተወለዱ ሴቶች ፊርማውን በለንደን ፍርድ ቤት አሳገዱ። እገዳው በዚያው ቀን ተነሣና ውሉ ተፈረመ።

እንደ ኦሊቪዬ ባንኩል ያሉ በሞሪሸስ የሚኖሩ ብዙዎች ስምምነቱን ደግፈዋል፤ ቢያንስ ከዲዬጎ ጋርሲያ ውጭ ወዳሉት ደሴቶች መመለሻ በር ይከፍታል ብለው። በብሪታንያ ያሉ ብዙዎች ደግሞ ይቃወማሉ። እነሱ የሚኖሩት በአብዛኛው ከጋትዊክ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለችው ክሮሊ ከተማ ነው። በ2002 የብሪታንያ ዜግነት ሲፈቀድ ከመጡት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ሞሪሸስ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት እንደ ሁለተኛ ዜጋ ታይተናል፣ አሁን አገራችንን ለእሷ ትሰጡብናላችሁ ይላሉ። ለቻጎሳውያን 40 ሚሊዮን ፓውንድ የአደራ ፈንድ ተመድቧል። የሚያስተዳድረው ግን ሞሪሸስ መሆኗ ክርክሩን አላበረደውም።

ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር «ማንም አልጠየቀንም» የሚለው ነው።

አሁን መመለስ ይችላሉ?

በውሉ መሠረት ሞሪሸስ ከዲዬጎ ጋርሲያ በቀር በሌሎቹ ደሴቶች ላይ ሰው ማስፈር ትችላለች። ግን እዚያ ምን አለ? ማረፊያ ወደብ የለም፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያ የለም፣ መብራት የለም። ቤቶቹ ጣሪያቸው ወድቆ ዛፍ በቅሎባቸዋል። ከ1973 ጀምሮ የኮኮናት ጫካው ያለ ተቆጣጣሪ አድጓል። ብሪታንያ በ2016 መልሶ ማስፈርን እምቢ ስትል ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ ወጪው ነበር።

ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ግን ሁሉም አለ። ረጅም መንደርደሪያ አለ፤ በ1991ና በ2003 የኢራቅ ጦርነቶች፣ በአፍጋኒስታኑም ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተነሥተውበታል። ክበብ አለ፣ ስፖርት ሜዳ አለ። በ2006 መቶ ያህል ቻጎሳውያን መቃብር እንዲጎበኙ ለጥቂት ቀናት ተፈቅዶላቸው ነበር። ሣሩን አጭደው፣ አበባ አኑረው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ጸልየው ተመለሱ።

የጦር ሰፈሩን ምግብ የሚያበስሉት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ ግቢውን የሚያጸዱት ደግሞ በአብዛኛው ከፊሊፒንስ የሚመጡ ናቸው። ቤተሰብ ይዘው መምጣት አይችሉም፤ ጊዜያቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ። በውል የመጡ ጊዜያዊ ሠራተኞች ናቸው።